ተደፍቼ የጨረስኩት መጽሐፍ፦ የምስጋና መልእክት

ለሐኪሞቼ፣ ለቤተሰቤ፣ ለአርታኢዬ፣ እንዲሁም «አዲሱ መጽሐፍ የት ደረሰ?» እያላችሁ ለወተወታችሁኝ አንባቢዎቼ፤

መጽሐፉ ትናንት ማተሚያ ቤት ገባ። ሰባት ወር ዘግይቷል። ምክንያቱን ለጥቂቶቻችሁ በስልክ ነግሬያለሁ፤ ለቀራችሁት «ትንሽ አሞኝ ነበር» ብዬ አልፌዋለሁ። አሁን ደህና ነኝና ያለብኝን ዕዳ በአደባባይ ልናገር። ስም አልጠራም። ግማሾቻችሁ «እንዳታነሳኝ» ብላችሁኛል፤ ሌሎቻችሁን ነጥዬ ብጠራ ደግሞ የምረሳው ሰው አይጠፋም።

ነገሩ የጀመረው ምዕራፍ 19 ላይ ነው። የምጽፈው ሁልጊዜ ሌሊት ነው። ገዳዩ እጁን የበሩ እጀታ ላይ አሳርፏል፤ ሊከፍት ነው። በዚህ መሃል በግራ ዓይኔ ጥግ መብረቅ የመሰለ ነገር ብልጭ አለ። ቀጥሎ ጥላሸት የመሳሰሉ ነጠብጣቦች በጽሑፉ ላይ ይንሳፈፉ ጀመር። ስክሪኑ የቆሸሸ መስሎኝ በሸሚዜ እጅጌ ጠረግኩት። አልጠፉም። ሕመም የለው፣ መቅላት የለው። በማግስቱ የሄድኩበት ክሊኒክ «ኮምፒውተር ላይ ከመቆየት የመጣ ድካም ነው» ብሎ የዓይን ጠብታ ሰጥቶ ሸኘኝ። (የክሊኒኩን ስም አልጠቅስም፤ ቂሜን ግን አልደብቅም።) ጠብታውን ሦስት ቀን ሙሉ፣ ሰዓቱን ሳላዛንፍ አደረግኩ። በአራተኛው ቀን ከታች በኩል ጥቁር መጋረጃ ወደ ላይ ይወጣብኝ ጀመር።

ልብ አንጠልጣይ ልቦለድ መጻፍ ከጀመርኩ 14 ዓመቴ ነው። በጽሑፍ ሥልጠና ላይ ስለ ንግር ስንት ጊዜ አውርቻለሁ! ትንሽ ምልክት ቀደም ብለህ ትጥላለህ፤ አንባቢው ሳይጠረጥር ያልፈዋል፤ ኋላ ነገሩ ሲመጣ «ወይኔ፣ አይቼው ነበር እኮ!» ይላል። ብልጭታው ንግር ነበር። ነጠብጣቡም ንግር ነበር። የገዛ ዓይኔ እየነገረኝ አላነበብኩትም።

እንግዲህ መጀመሪያ ምስጋና የሚገባት በዓይን ሆስፒታሉ ካርድ ክፍል የተቀመጠችው ልጅ ናት። ምን እንደሚሰማኝ ስትጠይቀኝ «ከታች መጋረጃ የሚመስል ነገር እየወጣብኝ ነው» አልኳት። እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። ሌላ ጥያቄ አልጨመረችም፤ ክንዴን ይዛ ከሐኪሟ በር ፊት የተኮለኮለውን ሰው ሁሉ አሳልፋ አስገባችኝ። ካርዴ እንኳ ገና አልተጻፈም ነበር።

ዶክተሯ ያስረዱኝ እንዲህ ነው። ሬቲና የዓይንን የኋላ ግድግዳ ከውስጥ የሸፈነ ስስ ሽፋን ነው። የእኔው ተቀድዷል፤ በቀዳዳው ፈሳሽ እየሾለከ እንደ ራሰ የግድግዳ ወረቀት እየላጠው ነው። አጥርቶ የሚያነበው መሃለኛው ክፍል፣ ማኩላ የሚሉት፣ ገና አልተነካም። እሱ ከተላጠ ግን ሬቲናው ቢመለስ እንኳ ንባብ እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል። «ስለዚህ ነገ አንልም» አሉኝ። በዚያው ምሽት ገባሁ። ዓይኔ ውስጥ ያለውን ዝልግልግ ፈሳሽ አውጥተው፣ የቀዳዳውን ዙሪያ በሌዘር አጣብቀው፣ ባዶውን ቦታ በጋዝ ሞሉት። ጋዝ ወደ ላይ ነው የሚሄደው፤ ሬቲና ደግሞ ያለው ከኋላ ነው። ጋዙ ሬቲናዬን ከግድግዳው ጋር ደግፎ እንዲይዝ እኔ ፊቴን ወደ ምድር መድፋት አለብኝ። ሰባት ቀን። ስበላም፣ ስተኛም። ጋዙ እስኪያልቅ አውሮፕላን መሳፈርም ክልክል ነው፤ ከፍታ ላይ ጋዙ ይለጠጥና የዓይንን ግፊት ያንረዋል።

«ደራሲ ነዎት አሉኝ» አሉ ዶክተሯ ሲያሰናብቱኝ። «ለአንድ ሳምንት የሚያዩት ወለል ብቻ ነው፤ እንግዲህ ስለ ወለል ይጻፉ።» ሲቀልዱ ነበር። እኔ ግን ቃል በቃል ፈጸምኩት። ዶክተር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ሌሊቱን ሙሉ ትራሴን እያስተካከልሽ «አንገትዎ አሳዘነኝ» ያልሽኝ ነርስም፣ ፊትሽን አላየሁትም፤ ድምፅሽን ግን በመጽሐፌ ውስጥ ላለችው መርማሪ ሰጥቻታለሁ።

አጻጻፌን ለማታውቁ ትንሽ ልግለጽ። ገና አንድ መስመር ሳልጽፍ ወንጀሉን በሐሳቤ ፈጽሜ እጨርሳለሁ። ማን፣ ለምን፣ እንዴት። ከዚያ ሰፊ ደብተር ላይ አራት ዓምድ አሰምራለሁ፦ ገዳዩ የሚያውቀው፣ ሰለባው የሚያውቀው፣ መርማሪዋ የምታውቀው፣ አንባቢው የሚያውቀው። በየምዕራፉ እሞላዋለሁ። የዚህ ዓይነት ልቦለድ ሴራ ተፈትቶ ቢታይ ማን፣ ምን፣ መቼ ያውቃል ከሚለው ሌላ ብዙ የለውም። እኔ ለዓመታት ስኮራ የኖርኩት ታዲያ የአንባቢው ዓምድ ባዶ በመሆኑ ነበር። አንባቢ ለእኔ የምነግረው ሳይሆን የምደብቀው ሰው ነበር።

ከሆስፒታል በወጣሁ በማግስቱ የእህቴ ልጅ ላፕቶፑን ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ አንተ ተናገር፣ እኔ ልተይብ።» ቀላል መስሎኝ ነበር። ሩሲያዊው ደራሲ ዶስቶየቭስኪ እ.ኤ.አ. በ1866 ቀነ ገደብ ሲያንቀው ስቴኖግራፊ (ንግግርን በምልክት በፍጥነት መጻፍ) ለተማረችው ለአና ስኒትኪና እየተናገረ አንድ ልቦለድ በ26 ቀን ጨርሷል፤ ጥቂት ወራት ቆይቶም አገባት። እኔ በመጀመሪያው ቀን ያስጻፍኩት አራት ገጽ ነው፤ አራቱም የሚጣል። ለካ እስከዛሬ የማስበው በጣቶቼ ኖሯል። ክሩ ሲጠፋብኝ «እስቲ ከመጀመሪያው አንብቢልኝ» አልኳት። ሊጠይቁኝ የመጡትም ወንበር እየሳቡ ያዳምጡ ጀመር።

አሁን የምነግራችሁን አስተውሉልኝ። ግንባሬን የታጠፈ ፎጣ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ እደፋለሁ። በደህናው ዓይኔ የሚታየኝ ወለሉና የሰዎቹ እግር ብቻ ነው። የባለቤቴ ነጠላ ጫማ። የታናሽ ወንድሜ ካልሲ። የጎረቤታችን ጥቁር የቆዳ ጫማ፣ የግራው ክር ሁልጊዜ ተፈትቶ የሚንጠለጠል። ሰው ደራሲ ሲያነብለት ፊቱን ያስተካክላል፤ እግሩን ግን አያስታውሰውም።

ሰባተኛውን ምዕራፍ ከሁሉ አብልጬ እኮራበት ነበር። አንዲት ሴት ከወዳጇ ጋር ስታወጋ ቆይታ፣ ወዳጅ ያለችው ሰው ገዳዩ ሆኖ ይገኛል፤ ማንም አይጠረጥርም። ሲነበብ ነጠላ ጫማው ይወዛወዛል፣ የወንድሜ አውራ ጣት ካልሲው ውስጥ ትጫወታለች። ምስጢሩ ሲወጣ እግሮቹ ሁሉ ዘለል አሉ። ወዲያው ደግሞ ወደ ውዝዋዜያቸው ተመለሱ። 11ኛው ምዕራፍ ለመሸጋገሪያ ብቻ የጻፍኩት ነው። መርማሪዋ ቤቷ ትገባለች፣ ጫማዋን ታወልቃለች፣ መስኮት ትዘጋለች፣ እናቷ ዘንድ ትደውላለች። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ሰው እንዳለ አንባቢው ያውቃል፤ እሷ አታውቅም። የጎረቤቴ የግራ ተረከዝ ከወለሉ ብድግ አለና አየር ላይ ቀረ። ክሩ መወዛወዙን ተወ። ስድስት ገጽ ሙሉ አልወረደም።

ነገሩን ከዚያ በፊት አላውቀውም ብል ዋሸሁ። ፊልም ሠሪው አልፍሬድ ሂችኮክ እ.ኤ.አ. በ1962 ከፈረንሳዊው ፊልም ሠሪ ከፍራንሷ ትሩፎ ጋር ባደረገው ረጅም ቃለ ምልልስ አስረድቶታል። ሁለት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ያወራሉ፤ ሥሩ ቦምብ አለ። ተመልካቹ ካላወቀ ሲፈነዳ 15 ሴኮንድ ይደነግጣል። ቦምቡ መኖሩንና የሚፈነዳበትን ሰዓት ካወቀ ግን ሰዎቹ ተራ ወሬ በሚያወሩበት 15 ደቂቃ ሙሉ ልቡ ይሰቀላል። ይህንኑ ለሠልጣኞች ሳወራ ኖሬያለሁ፤ ደብተሬ ላይ ግን የአንባቢው ዓምድ ባዶ ነበር። ማወቅ ሌላ፣ ተረከዝ አየር ላይ ሲቀር ማየት ሌላ።

በአምስተኛው ቀን ደብተሩን አስመጣሁ። የእህቴ ልጅ እየጻፈች የአንባቢውን ዓምድ ከላይ እስከ ታች ሞላነው፤ ሰባተኛውን ምዕራፍም ገለበጥነው። አሁን አንባቢው ገዳዩን ከመጀመሪያው መስመር ያውቀዋል። በዚህ መሃል መተየቧን አቆመች።

«ጋሼ፣ ሴትየዋ ለምን በሩን ከፈተችለት?»

«ታሪኩ እንዲቀጥል ነዋ!»

«እሱ ያንተ ችግር ነው። የእሷ ምክንያት ምንድን ነው?»

መልሱን ለማግኘት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። በሩን የምትከፍትለት ከአንድ ቀን በፊት ጠርጥራው ስለነበር፣ በመጠርጠሯም ስላፈረች ነው። መጽሐፉን ስታነቡ እዚያ ቦታ ላይ የምታገኙትን ፍርሃት ያመጣው የእኔ ብልሃት ሳይሆን የእህቴ ልጅ ጥያቄ ነው። ልጄ፣ ፈተናሽ ደርሶ እያለ ነው ይህን ሁሉ ያደረግሽው፤ አልረሳውም።

አስከሬን መርማሪው ወዳጄ፣ አንተም አለህ። ከተገደለ አንድ ሰዓት ያልሞላውን ሰው «እንደ ግንድ ደርቆ» ብዬ ስጽፍ ስልኩን በሳቅ ሞላኸው። መገተሩ መንጋጋና የዓይን ሽፋንን ከመሳሰሉት ትንንሽ ጡንቻዎች ላይ ቀድሞ እንደሚታይ፣ ለዚያም ሁለት ሦስት ሰዓት እንደሚፈልግ፣ መላ አካሉን ለመያዝ እስከ 12 ሰዓት እንደሚወስድ፣ ኋላም መልሶ እንደሚላላ አስረዳኸኝ። በክሎሮፎርም የራሰ መሐረብ አፍንጫ ላይ ሲደረግ ሰው በአንድ ትንፋሽ ዘጭ እንደማይልም ነገርከኝ፤ ደቂቃዎች ይፈጃል። ገዳዬ «በዚያ ሰዓት ሌላ ቦታ ነበርኩ» የሚለው በዚያ ደረቅ አስከሬን ተማምኖ ነበር። ሦስት ምዕራፍ አፈረስክብኝ። በክሎሮፎርሙ ፈንታ የገባው ትግል ከመጽሐፉ ሁሉ የምወደው ትዕይንት ሆኗል፤ በዚህ ምክንያት ብቻ ይቅር ብዬሃለሁ።

አርታኢዬ ቀነ ገደቡን ሦስት ጊዜ ገፋው፤ አንድም ቀን አልተነጫነጨም። ቅሬታውን ለቀይ እስክሪብቶው አጠራቅሞት ኖሮ 46 ገጽ ቆረጠ። አብዛኛው ሲቆረጥ አመመኝ፤ አሁን የቱ እንደነበር እንኳ አላስታውስም። በዚህ ደብዳቤ ላይም የሃምሳ ሎሚውን ተረት ልጠቅስ ነበር። «እሱን ሁሉም ይጠቅሰዋል» ብሎ ሰረዘው።

አንባቢዎቼ፣ «ዓይንህ እስኪድን የበፊቶቹን ደግሜ አነባለሁ» ብለሽ የጻፍሽልኝን ጨምሮ፣ ለትዕግሥታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። «ደራሲው ሞቷል» ብሎ ያስወራው ሰውም ምስጋና አይቅርበት፤ በዚያ ሳምንት የድሮ መጻሕፍቴ ተሽጠዋል።

ለባለቤቴ እዚህ አልጽፍም። ጠብታውን በየአራት ሰዓቱ ማን እየተነሳ እንዳደረገልኝ ሁለታችን እናውቃለን።

ዓይኔን ለጠየቃችሁኝ፦ ጋዙ እየቀነሰ ሲሄድ ግራ ዓይኔ የግንበኛ ውሃ ልክ መሰለ። ከመስመሩ በላይ ጥርት ያለ ነው፤ ከሥር ይዋዥቃል። መስመሩ በየቀኑ ዝቅ እያለ ሄዶ በመጨረሻ እንደ ዶቃ ክብ ሆነ። በስድስተኛው ሳምንት አንድ ማለዳ ስነቃ የለም። አሁን አነባለሁ። ወደፊት ሞራ ሊጋርደው እንደሚችል ነግረውኛል፤ እሱ ሲመጣ እናያለን።

የሚቀጥለው ረቂቅ ምዕራፍ ሁለት ላይ ደርሷል። ቅዳሜ ማታ ይነበባል። ሐኪም ባያዘኝም ግንባሬን ፎጣው ላይ አድርጌ ነው የማዳምጠው፤ ስትገቡ ቀና ብዬ ሰላም ባልላችሁ አትቀየሙኝ። አንተ ደግሞ ጎረቤቴ፣ ባለቤትህ «አዲስ ጫማ ገዛሁለት» ብላ ነግራኛለች። እባክህ አሮጌውን አድርገህ ና። ክሩንም አትሰረው።