ድድ ቢደማም ብሩሹ አይቅር

ይድረስ ለእማዬ፦

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽንስ ተሻለሽ? እኔ እግዜር ይመስገን ደህና ነኝ።

ነፍሰ ጡሯ እህቴ ድዷ ስለደማ ጥርሷን መቦረሽ እንድትተው መክረሻታል አሉ። እማዬ፣ በዚህስ አልስማማሽም። በእርግዝና የሚጨምሩት ሆርሞኖች ድድን ጥርስ ሥር ለሚጋገረው ቆሻሻ ቁጡ ያደርጉታል፤ ትንሽ ቆሻሻ ሲነካው ያብጣል፣ ይደማል። መቦረሹ ሲቀር ቆሻሻው ይወፍራል፣ መድማቱም ይብሳል። ለስላሳ ብሩሽ ትያዝና ጸጉሩን ድድና ጥርስ የሚገናኙበት ላይ በ45 ዲግሪ ዘንበል አድርጋ፣ ሳትጫን፣ በትንንሹ እያዟዟረች 2 ደቂቃ ትቦርሽ። ጠዋት አንዴ፣ ማታ ልትተኛ ስትል አንዴ። ጥርስን የሚያጠነክረው ፍሎራይድ ያለበት የጥርስ ሳሙና የአተር ፍሬ ታህል ይበቃታል። አረፋውን ትትፋው እንጂ በውሃ አትጉመጥመጥ፤ ፍሎራይዱ አብሮ ይታጠባል። ሁለት ሳምንት እንዲህ አድርጋም ካልቀነሰላት፣ የደነደነው ቆሻሻ በባለሙያ መነሳት አለበት።

ካስመለሳት ግን ወዲያው ብሩሽ አታንሳ። የጨጓራ አሲድ የጥርሱን ገጽ ስለሚያለሰልሰው ያኔ መቦረሽ ይሸረሽረዋል። 1 የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ በአንድ ኩባያ ውሃ በጥብጣ ትጉመጥመጥበትና ትትፋው፤ ከሌለም ባዶ ውሃ ይሁን። ቢያንስ 30 ደቂቃ ቆይታ ትቦርሽ። የሳሙናው ሽታ ካጥወለወላት ለዚያን ጊዜ በውሃ ብቻ ብትቦርሽ ከመተው ይሻላል።

«በየልጁ አንድ ጥርስ ይሄዳል» የምትይውንም ተይው። ፅንሱ ካልሲየም ከጥርሷ አይወስድም። ጥርስ የሚያሳጣው ሳይታከም የከረመ የጥርስ ጉድጓድና የድድ ሕመም ነው።

ነፍሰ ጡር ጥርሷን መታከም ትችላለች፤ ማደንዘዣው ሊዶካይን፣ ራጁም በመከላከያ ተሸፍና ቢነሳ አይጎዳትም። ቀጠሮ የሚጠብቅ ሥራ ከሆነ ከ14ኛው እስከ 20ኛው ሳምንት ይመቻል። ፊቷ ካበጠ፣ ካተኮሳት ወይም መግል ከታየ ግን ወሩ ስንትም ይሁን ያኑ ቀን ትሂድ። ከተማም ገጠርም ሕመሙ አንድ ነው፤ የሚለየው የሐኪሙ ርቀት ነው። የጥርስ ሐኪም በቅርብ ከሌለ ለእርግዝና ክትትል ስትሄድ አፏን ከፍታ ታሳይ፣ እነሱ ይልኳታል።

መድኃኒት ከቤት አንስተሽ እንዳትሰጫት፣ አደራ። ቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ የሕፃኑን ጥርስ ያበልዛል፤ አይቡፕሮፌን የሚባለው ማስታገሻም በተለይ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ አይሆንም። ለሕመሙ በልኩ ከሆነ ፓራሲታሞል ይሻላል። ወሯ ከገፋ ደግሞ በሕክምናው ወንበር ላይ ቀጥ ብላ በጀርባዋ አትተኛ፤ ማሕፀኑ ትልቁን የደም ሥር ሲጫነው ያዞራታል። በቀኝ ዳሌዋ ሥር ትንሽ ትራስ አድርገው ወደ ግራ ዘንበል እንዲያደርጓት ትጠይቅ።

ልጅሽ