ሞላ ከመቁረጥ በፊት ጎሚኒው ይታይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በአዲስ አበባ ያረጁ አውቶሞቢሎችን፣ ከሁሉም በላይ ላዳዎችን፣ ዝቅ አድርጎ ወደ አስፋልቱ ማስጠጋት በወጣቶች ዘንድ እየተወደደ መምጣቱን ብዙ አንባቢያን ሳያስተውሉ አይቀሩም። ሥራው በአብዛኛው የሚከናወነው በጋራዥ ሳይሆን በግቢ ውስጥ፣ በባለቤቱና በሰፈር ጓደኞቹ እጅ ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው ሥራው ይከልከል ለማለት አይደለም። በገዛ መኪናው ሥር ገብቶ የመኪናውን የፊት እግር (የፊት ጎማዎቹን ከአካሉ ጋር የሚያያይዘውን ክፍል) ፈትቶ የሚገጥም ወጣት ሳይ ደስ ይለኛል፤ ለዓመታት ሳስተምር የኖርኩትም ይህንኑ ነው። ያሳሰበኝ ነገር መኪናው ዝቅ እንዲል ስለሚቆረጠው ሞላ (ክብደቱን ስለሚሸከመው ጥቅል ብረት) ብቻ እየታሰበ፣ የፊት ጎማዎቹን በአቅጣጫቸው ይዞ የሚያኖረው የላስቲክ ማያያዣ፣ ጎሚኒ፣ መረሳቱ ነው። ጎሚኒ መቀየርና መኪና ዝቅ ማድረግ በእኔ እምነት አንድ ሥራ ናቸው፤ ተነጣጥለው ሲሠሩ መሪው የማይታመን መኪና ወደ መንገድ ይወጣል።

ያረጁ መኪኖች ቶሎ ከመንገድ የሚወጡበት ጊዜ ላይም አይደለንም። የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ባገለገሉ መኪኖች ላይ የሚጣለውን ታክስ ከዕድሜያቸው ጋር እያሳደገ እጅግ ከፍ አድርጎታል። በ2016 ዓ.ም. ደግሞ በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር ውስጥ እንዳይገቡ ተወስኗል። የኤሌክትሪክ መኪና ለመግዛት አቅሙ የማይፈቅድለት ቤተሰብ ያለችውን አሮጌ መኪና እየጠገነ መኖሩ የግድ ነው። ከደርግ ዘመን ጀምሮ በሰማያዊና ነጭ ቀለም ታክሲ ሆና ያገለገለችን ላዳ፣ መነሻዋ የጣሊያኗ ፊያት 124 ስትሆን፣ የዚህ ዘር መኪኖች ምርት ራሱ በሩሲያ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ2012 አብቅቷል። በመንገዶቻችን ላይ ካሉት ላዳዎች መካከል ወጣት የሚባል የለም ማለት ነው።

የላዳ የፊት እግር በእያንዳንዱ ወገን የላይኛውና የታችኛው ክንድ አለው። እያንዳንዱ ክንድ በሁለት ጎሚኒ ስለሚያያዝ የፊት እግሩ በጠቅላላው 8 ጎሚኒ ይይዛል። ጎሚኒው ከውጭ የብረት ቀለበት፣ ከውስጥ የብረት ቱቦ፣ በሁለቱ መካከል ደግሞ ተጨምቆ የገባ ላስቲክ ነው። ዳዶው (የብሎኑ ማጥበቂያ) ሲጠብቅ የውስጡን ቱቦ ቀፍድዶ ይይዘዋል፤ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ሲገባና ሲወጣ ቱቦው ባለበት ይቆማል፣ ክንዱ ከውጭኛው ቀለበት ጋር ይወዛወዛል፣ በመካከል ያለው ላስቲክ ደግሞ በመጠምዘዝ ልዩነቱን ይችላል። ጎሚኒ የሚሠራው በመንሸራተት ሳይሆን በመጠምዘዝ መሆኑን ያልተረዳ ሰው ሌላውን ሥራ ሁሉ አሳምሮ ሠርቶ በመጨረሻዋ ደቂቃ ያበላሸዋል። መኪናው ተሰቅሎ፣ ጎማዎቹ በአየር ላይ ተንጠልጥለው ሳሉ ዳዶው እስከ መጨረሻው ከጠበቀ፣ ላስቲኩ የታሰረው ክንዱ ወደ ታች በወደቀበት ሁኔታ ነው። መኪናው ወደ መሬት ሲወርድ ክንዱ ወደ ላይ ይነሣል፤ ላስቲኩም መኪናው ቆሞ ባለበት ሰዓት እንኳ እንደተጠመዘዘ ይውላል፣ እንደተጠመዘዘ ያድራል።

ባለፈው ክረምት አንድ ወጣት ነጭ ላዳውን ይዞ መጣና፣ «ጋሼ፣ አዲስ ጎሚኒ ካስገባሁ ገና ጥቂት ወር ነው፤ አሁን ፍሬን ስይዝ ወደ ግራ ትወስደኛለች፤ ዕቃው ፎርጅድ ይሆን?» ሲል ጠየቀኝ። ከሥር ገብቼ በባትሪ ሳየው በግራው የታችኛው ክንድ ላይ ያለው የኋለኛ ጎሚኒ ላስቲክ ዙሪያውን ተቀዷል፤ ከከንፈሩ ላይ ጥቁር ፍርፋሪ ይረግፋል፤ የውስጡ ቱቦ ከመካከል ወጥቶ ወደ አንድ ወገን ተጠግቷል። በሌቫ (በረጅም የብረት ዘንግ) ጫን ስለው ክንዱ በዓይን እስኪታይ ድረስ ወደ ኋላ ሸሸ። ወጣቱ ጎሚኒዎቹን በትክክል አስገብቷቸው ነበር፤ ነገር ግን መኪናው ተሰቅሎ ሳለ ጨርሶ አጠበቃቸው፤ ቆይቶም ሞላውን አስቆርጦ መኪናውን ሲያወርድ እንደገና አላላቸውም። ላስቲኩ በሁለት እጥፍ ተጠምዝዞ ነው የከረመው። ዕቃው ምንም አልነበረበትም።

የሚሻለው አሠራር ከባድ አይደለም። ዳዶዎቹን እስኪይዙ ድረስ ብቻ ማስገባት፣ ጎማዎቹን መግጠም፣ መኪናውን በደልዳላ መሬት ላይ ማውረድ፣ የፊቱን ክፍል ደጋግሞ ወደ ታች ገፋ እያደረጉ ሞላው እንዲደላደል መርዳት፣ ከዚያ በኋላ ክብደቱ በጎማዎቹ ላይ እንዳረፈ ማጥበቅ ነው። ከሥር ለመግባት ቦታ የሚያንሰው ሰው አራቱንም ጎማዎች እኩል ውፍረት ባላቸው ጠንካራ ሳንቃዎች ላይ ማሳረፍ ይችላል። መኪናው ዝቅ እንዲል የተወሰነ ከሆነ ደግሞ ቅደም ተከተሉ ግልጽ ነው፤ መጀመሪያ ከፍታው ይወሰናል፣ ከዚያ በአዲሱ ከፍታ ላይ 8ቱም ጎሚኒዎች ይጠብቃሉ። ጎሚኒዎቹ አዲስና ደኅና ቢሆኑ እንኳ ከፍታው በተለወጠ ቁጥር ዳዶዎቹን አላልቶ እንደገና ማጥበቅ ያስፈልጋል።

ስለ አፈታቱ የምለው አደጋ ስላለበት ነው። የላዳ የፊት ሞላ በታችኛው ክንድና በመኪናው አካል መካከል ታምቆ የተቀመጠ ነው፤ ጎማው ተንጠልጥሎም ቢሆን ሞላው ጉልበቱን አይጨርስም። ሞላውን በሞላ መጭመቂያ ሳያስር ቦል ጆይንቱን (ክንዱን ከጎማው ወገን ጋር የሚያገናኘውን ኳስ መሰል መጋጠሚያ) የሚፈታ ሰው በሕይወቱ ላይ ይፈርዳል። መኪናው በክሪክ ብቻ ወይም በድንጋይ ቁልል ላይ ቆሞ ከሥር መግባትም እንዲሁ ነው፤ መኪናውን ደግፎ የሚያቆም ጠንካራ የብረት ካቫሌቶ ለማሠራት የሚወጣው ወጪ ከአንድ ጎማ ዋጋ የሚበልጥ አይመስለኝም። የታችኛው ክንድ ዘንግ ሞተሩን ከተሸከመው አግዳሚ ብረት ጋር በሁለት ብሎን ሲታሰር በመካከሉ ስስ ዝርግ ብረቶች ይገባሉ። ጎማው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ የሚያዘነብልበት ልክ የሚስተካከለው በእነዚህ ስለሆነ፣ ከየትኛው ብሎን ስንት እንደወጣ በወረቀት ላይ ሳይጻፍ መፍታት አይገባም።

አሮጌውን ጎሚኒ በመዶሻ እየደበደቡ ማውጣት የተለመደ ቢሆንም የክንዱን ጆሮ ያጣምማል። አንድ ረጅም ብሎን፣ ዳዶ፣ ወፍራም ሮንዴላዎችና በቶርኖ ቤት በልኩ የተቆረጠ የብረት ቱቦ ካለ፣ ዳዶውን በመፍቻ እያዞሩ ብቻ አሮጌውን ስቦ ማውጣትና አዲሱን ቀጥ አድርጎ ማስገባት ይቻላል። ለማለስለሻ የሳሙና ውኃ ይበቃል፤ ግራሶና የሞተር ዘይት ላስቲኩን ስለሚበሉት መቅረብ የለባቸውም። ከላስቲክ ይልቅ ፖሊዩሪቴን (ጠንከር ያለ ፕላስቲክ መሰል ነገር) የሚገዙም አሉ፤ ዕድሜው ረጅም ቢሆንም ንዝረቱን ወደ አካሉ ስለሚያሳልፍ ለኮብልስቶን መንገዶቻችን እኔ አልመርጠውም።

አሁን ወደ ሞላው ልመለስ። በኦክሲጅን ነበልባል የተቆረጠ ሞላ እሳቱ በነካው በኩል ጥንካሬውን ያጣል፤ አንዳንዶች ሳይቆርጡ አሙቀው እንዲቀመጥ ማድረጋቸው ደግሞ ከሁሉም የከፋ ነው፤ በዚህ መልክ የተሠራ ሞላ ሲሰበር መቼና የት እንደሆነ አያስጠነቅቅም። በግራይንደር መቁረጥ፣ ብረቱ እንዳይግል እያረፉና እያቀዘቀዙ ከሆነ፣ ከዚያ ይሻላል። ሆኖም የሚሠሩት ጥቅሎች ቁጥር ሲቀንስ ሞላው ይጠነክራል፤ የሞላውን ንዝረት የሚያበርደው የቀድሞው አሞርዛተርም ያንን አዲስ ጥንካሬ ለመግታት አቅም ያንሰዋል። በላዳ ላይ ሞላው ከጎማው ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በክንዱ መካከል ስለተቀመጠ፣ ከሞላው ቁመት የተቀነሰው ልክ ጎማው ዘንድ ሲደርስ ይበረክታል። አንድ ሙሉ ጥቅል በአንድ ጊዜ የሚቆርጡ ወጣቶች መኪናው ካሰቡት በላይ ወርዶ የሚያገኙት በዚህ ምክንያት ነው። ላዳ ከፋብሪካዋ ስትወጣ ከመሬት ያላት ከፍታ 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ከዚህ ላይ 5 ወይም 6 ሴንቲ ሜትር ሲቀነስ በየሰፈሩ ያለው የፍጥነት መቀነሻ ከሞተሩ ሥር ያለውን የዘይት ካርተር ማግኘቱ አይቀርም። እኔን የሚጠይቁኝን ከ3 ሴንቲ ሜትር እንዳያልፉ፣ የሚቻል ከሆነም ሳይቆርጡ ለዚሁ ተብሎ የተሠራ አጭር ሞላ እንዲፈልጉ እመክራለሁ። ከሥራው በኋላ አላይመንት (የጎማዎቹን አቅጣጫና ዝንባሌ) ማስተካከል የግድ ነው፤ መኪናው ሲወርድ የፊት ጎማዎቹ የላይ ጫፍ ወደ ውስጥ ያዘነብላል፣ አቅጣጫቸውም ይዛባል፤ አለዚያ አዲስ ጎማ በውስጥ ጠርዙ በኩል ብቻ ተበልቶ ያልቃል።

ብዙዎች ፈጽሞ የማያውቁት ሌላም ነገር አለ። በላዳ የኋላ ክፍል፣ በአካሉና በኋላው አክስል መካከል በተዘረጋ ቀጭን ዘንግ የሚታዘዝ የፍሬን ግፊት መቆጣጠሪያ አለ። መኪናው ሰውና ዕቃ ተጭኖ ኋላው ሲወርድ መቆጣጠሪያው ይህን በዘንጉ በኩል አውቆ ለኋላ ፍሬን ተጨማሪ ግፊት ይለቅቃል፤ ባዶ ሲሆን ግን ይቀንሳል። የኋላ ሞላው ተቆርጦ መኪናው በቋሚነት ሲወርድ መቆጣጠሪያው ሁልጊዜ ጭነት ያለ ይመስለዋል፤ በባዶ መኪና ላይም ለኋላ ጎማዎች ከመጠን ያለፈ ግፊት ይልካል። በዝናብ ጊዜ አጥብቆ ፍሬን የያዘ አሽከርካሪ የኋላ ጎማዎቹ ቀድመው ይታሰሩና መኪናው ይሽከረከርበታል። መቆጣጠሪያውን ለአዲሱ ከፍታ ማስተካከል ይቻላል፤ ነገር ግን ይህን አደረግሁ ያለኝ ወጣት እስካሁን አላጋጠመኝም።

በአዋጅ ቁጥር 681/2002 መሠረት መኪኖቻችን በየዓመቱ ይመረመራሉ፤ ቦሎ የምንለጥፈውም ከዚያ በኋላ ነው። እኔ ባየኋቸው ምርመራዎች መብራት፣ ፍሬንና ጭስ ሲታይ፣ በሌቫ የፊት ክንዶቹን ጫን ብሎ የጎሚኒውን ሁኔታ የሚያይ መርማሪ እምብዛም አላየሁም። ከላይ የጠቀስኩት ነጭ ላዳም ጎሚኒው በተቀደደበት ወቅት ምርመራውን አልፎ አዲስ ቦሎ ለጥፎ ነበር። በጉድጓድ ላይ ለቆመ መኪና ይህ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ነው። የሚመለከታቸው አካላት የፊት እግር ጎሚኒዎችን ሁኔታ፣ የሞላውን አቆራረጥና የኋላ ፍሬን መቆጣጠሪያውን በምርመራው ቅጽ ላይ ራሳቸውን ችለው እንዲጻፉ ቢያደርጉ፣ ባለቤቱም ጉድለቱን በጽሑፍ ይዞ ቢመለስ እወዳለሁ። ዝቅ ያለ መኪና ሁሉ ይውደቅ የሚል አሠራርን ግን አልደግፍም፤ በትክክል የተሠራውን ከተበላሸው ለይቶ የሚያይ ዓይን ነው የሚያስፈልገን።

በሶማሌ ተራ መለዋወጫ የምትሸጡ ወንድሞችና እህቶችም ጎሚኒ በሸጣችሁ ቁጥር ለገዢው አንድ ቃል ብትነግሩት ብዙ ገንዘብ ታተርፉለታላችሁ፤ «መኪናውን መሬት ላይ ካወረድክ በኋላ አጥብቀው» በሉት።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የአውቶ መካኒክስ መምህር፣ ከአዲስ አበባ