የሲናውሊ መንኮራኩር

ውድ ወንድሜ ሆይ፣

ከሦስት ዓመት ዝምታ በኋላ ይህን ደብዳቤ ስትከፍት ቅር እንዳትሰኝብኝ እለምንሃለሁ። በመጨረሻው ደብዳቤህ «ያ የሕንዶች የጥንት ግጥም የሚተርከው የማሃባራታ ጦርነት እውነት ተደርጓልን?» ብለህ ጠይቀኸኝ ነበር፤ እኔም ከወሬ ይልቅ ቦታውን አይቼ ልመልስለት እያልኩ ስቀጥር ጊዜው ነጎደ።

ባለፈው ወር ግን ከዴልሂ ተነሥቼ በባግፓት አውራጃ ወደምትገኘው ሲናውሊ መንደር ሄድኩ። በትረካው አምላክ ክሪሽና ጦርነቱን ለማስቀረት ፓንዳቫ ለሚባሉት አምስት ወንድማማች መሳፍንት ከለመነላቸው አምስት መንደሮች አንዷ ባግፓት ናት ይላሉ የአገሩ ሰዎች፤ የአጎታቸው ልጅና ባላንጣቸው ዱርዮድሃና የመርፌ ጫፍ የሚያህል መሬት እንኳ አልሰጥም ብሎ እምቢ በማለቱ ነው ነገሩ በደም ያለቀው።

እ.ኤ.አ. በ2005 አንድ ገበሬ እርሻውን ሲደለድል አጽምና የጥንት ዕቃ ወጣበት፤ መንግሥት አስቆፍሮም 116 መቃብሮች ተገኙ። በ2018 እንደገና ሲቆፈር ደግሞ እግር ያላቸውና በመዳብ የተለበጡ የሬሳ ሣጥኖች፣ ሰይፎች፣ እንዲሁም ባለ ሁለት መንኮራኩር ሦስት ተሽከርካሪዎች ወጡ። እንጨቱ ወደ አራት ሺህ ዓመት በሚጠጋ ዕድሜው በስብሶ አፈር ሆኗል፤ አናጢው በመንኮራኩሩ ገጽ ላይ እንደ ፀሐይ ጨረር የደረደራቸው ሦስት ማዕዘን የመዳብ ቁርጥራጮች ግን ከነአደራደራቸው ስለቀሩ ቅርጹን ከእነርሱ ማንበብ ተችሏል። እኔ ይህን ያየሁት በፎቶግራፍ ነው፤ ያን ያህል መንገድ ሄጄ ያገኘሁት ጉድጓዶቹ ተመልሰው የተደፈኑበትን ሜዳና ዙሪያውን የከበበውን ሸንኮራ አገዳ ነበር።

የ2018ቱን ቁፋሮ የመሩት ኤስ. ኬ. ማንጁል ተሽከርካሪዎቹ በፈረስ የሚሳቡ የጦር ሠረገላዎች ናቸው ሲሉ፣ ሌሎች ሊቃውንት የበሬ ጋሪ ናቸው ብለው ይከራከራሉ፤ መንኮራኩሩ ከመሃሉ ወደ ዙሪያው የሚዘረጉ ዘንጎች የሌሉት ድፍን እንጨት ነው፣ በመቃብሮቹም የፈረስ አጽም አልተገኘም። ሰይፉን ሳስብ ባለቤቶቹ ተዋጊዎች እንደነበሩ አልጠራጠርም፤ ከዚያ ተነሥቶ የፓንዳቫዎቹ ጀግና አርጁና ዘንድ መድረስ ግን ለእኔ ረጅም ዝላይ ነው። የጥንት ቅርስ ተመራማሪው ቢ. ቢ. ላል ከ1950 እስከ 1952 በትረካው የዱርዮድሃና ዋና ከተማ የሆነችውን ሃስቲናፑርን ቆፍረው የጋንጅስ ጎርፍ ጠርጎት የሄደ ሰፈር አግኝተዋል፤ ጥንታዊው ትረካም ከጎርፉ በኋላ ዋና ከተማው ካውሻምቢ ወደምትባል ከተማ ተዛወረ ስለሚል ይህ ምስክርነት ቀላል አይደለም። ዳሩ ግን የላል ሰፈር ከሲናውሊ መቃብሮች በዕድሜ በሺህ ዓመት ገደማ ያንሳል፤ እኔም ሁለቱን በአንድ ጦርነት ማሰር አልቻልኩም። እንግዲህ መልሴ ይኸው ነው፣ የጠበቅከው ባይሆንም።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሜዳውን ያሳዩኝ ሽማግሌ ዕቃውን በቋንቋቸው «ጋሪ» ሲሉት ከእኛው ቃል ጋር አንድ በመሆኑ ሳቅሁና ወዲያው አባታችን ትዝ አሉኝ። የመንኮራኩሩን ንድፍ በወረቀት ሥዬ አብሬ ልኬልሃለሁ፤ እባክህ አሳያቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ የጋሪ እግር ሲጠግኑ የኖሩ ሰው ናቸውና፣ እንዲህ ያለ ድፍን እግር ለፈረስ ሩጫ ይሆን እንደሆነ ከሊቃውንቱ ይልቅ እርሳቸው ቢነግሩኝ እመርጣለሁ።

ናፋቂህ ወንድምህ