ዋናውን ሥራ ዘለላችሁት!

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ አሜሪካው ስድስተኛ ፕሬዚዳንት ስለ ጆን ኩዊንሲ አዳምስ ያወጣችሁትን ጽሑፍ አነበብኩት። ጥሩ ነው፣ ግን እንዴት ሥልጣኑን የለቀቀበት 1829 ላይ ታቆማላችሁ? (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ ናቸው።) ሰውዬው እኮ ዋና ሥራውን ገና አልጀመረም ነበር!

ፕሬዚዳንትነቱማ ብዙም የሚወራለት አይደለም። በ1824ቱ ምርጫ አንድሪው ጃክሰን 99 የወኪል መራጮች ድምፅ ሲያገኝ እሱ 84 ብቻ ነበረው፤ ማንም ከግማሽ በላይ ስላላገኘ የተወካዮች ምክር ቤቱ ለእሱ ፈረደለት፣ ከዚያ የደገፈውን ሄንሪ ክሌይን የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሲያደርገው "ተሻሻጡ" ተባለ። አራት ዓመት ሙሉ በዚሁ ሲታማ ከርሞ በ1828 ተሸነፈ።

ሌላ ሰው ቢሆን ቤቱ ይቀመጥ ነበር። እሱ ግን በ1831 ተራ የምክር ቤት አባል ሆኖ ተመለሰ፣ ፕሬዚዳንት የነበረ ሰው! ባርነትን የሚቃወሙ አቤቱታዎች ምክር ቤቱ ውስጥ እንዳይነሱ የሚያግደውን ደንብ ከ1836 ጀምሮ ሲታገለው ቆይቶ በ1844 አሻረው። በ1841፣ በ73 ዓመቱ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቆሞ ለባርነት ሲጓጓዙ በአሚስታድ መርከብ ላይ ላመፁት አፍሪካውያን ተሟገተ፤ ነፃ ወጡ። በ1848 እዚያው ምክር ቤት ውስጥ ወንበሩ ላይ እንዳለ ራሱን ስቶ ወደቀ፣ ከሁለት ቀን በኋላም ከሕንፃው ሳይወጣ ሞተ።

ታዲያ ይሄ ሁሉ አንድ መስመር እንኳ አጣ? ክፍል ሁለት ካላችሁ እጠብቃለሁ።

አንባቢያችሁ