«ዛሬ ግን ደምቋል»፦ የሥነ ፈለክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ሌሎች ክበባት ዘንድሮ ድራማ አሳይተዋል፣ ችግኝ ተክለዋል። እኛ ጥቅምትንና ኅዳርን አንድ ኮከብ ስናይ አመሸን። «ታዲያ ምን ሠራችሁ?» ላላችሁን ሁሉ መልሱ ይኸውና፦ ኮከቡ ከእኛ ምን ያህል እንደሚርቅ ለክተናል።

ኮከቡ ዴልታ ሴፌይ ይባላል። ያለበት የከዋክብት ስብስብ በሴፌውስ ስም ተሰይሟል። ሴፌውስ በጥንት ግሪኮች አፈ ታሪክ የኢትዮጵያ ንጉሥ ነው። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ ሌላ ኮከብ አንፈልግም አሉ። ዴልታ ሴፌይ በየ5 ቀን ከ9 ሰዓቱ ያብጥና መልሶ ይኮማተራል፤ ብርሃኑም ይደምቃል፣ ይፈዛል። ይህን መለዋወጥ በ1784 እ.ኤ.አ. ያስተዋለው ጆን ጉድሪክ መስማት የተሳነው የ20 ዓመት ወጣት ነበር።

የሐሙስ ስብሰባዎቻችን እንደ ወትሮው ተካሂደዋል። ዋናው ሥራ ግን ሜዳው ላይ ነበር። ማታ 3 ሰዓት ላይ የግቢው ጥበቃ መብራቱን ያጠፉልናል፤ እግዜር ይስጣቸው። ከዴልታ አጠገብ ብርሃናቸው የታወቀ ሁለት ኮከቦች አሉ፤ ዜታ 3.4፣ ኤፕሲሎን 4.2። ቁጥሩ ሲያንስ ኮከቡ ደማቅ ነው። እያንዳንዱ ተማሪ ዴልታን ከሁለቱ ጋር ያስተያይና ሳይነጋገር ግምቱን ይጽፋል።

በኅዳር አንድ ማታ የሆነውን አልረሳውም። በፊት በነበሩት ሦስት ማታዎች 3.9፣ 4.1፣ 4.3 እያልን ኮከቡ ሲፈዝ መዝግበናል። በአራተኛው ማታ ሁሉም 4.2፣ 4.3 ጻፉ። አንዲት የ9ኛ ክፍል ተማሪ ግን 3.6 ጻፈች። ተሳስታ መሰለኝና «ደግመሽ እዪ» አልኳት። ቀና ብላ ቆየች። «ቲቸር፣ ትናንት ከኤፕሲሎን ጋር እኩል ነበር። ዛሬ ግን ደምቋል። ዜታን ሊያክል ምንም አልቀረው» አለች። እኔም አየሁ። ልክ ነበረች። ሌሎቹ የጻፉት ከሰማዩ ሳይሆን ከትናንቱ ደብተር ነው። ይህ ኮከብ ቀስ ብሎ ይፈዛል፣ ሲደምቅ ግን በአንድ ቀን ተኩል ውስጥ ነው። ያንን ያየችው እሷ ብቻ ነበረች። ቁጥሯን ሳትሰርዝ እርሳሷን ይዛ ስትቆም እንባዬ መጣ።

ቀሪው ስሌት ነው። የሥነ ፈለክ ተመራማሪዋ ሄንሪየታ ሌቪት በ1912 እ.ኤ.አ. ትንሿ የማጌላን ደመና በተባለች ጎረቤት ጋላክሲ ያሉ 25 እንዲህ ያሉ ኮከቦችን መርምራ፣ ዑደቱ (ደምቆና ፈዝቶ የሚመለስበት ጊዜ) የረዘመው ኮከብ ብርሃኑም የበዛ መሆኑን አሳየች። ዑደቱ ከታወቀ እውነተኛው ብርሃን ይታወቃል። እሱን ከምናየው ብርሃን ጋር ስናስተያይ ርቀቱ ይወጣል። ሎጋሪዝም ምን ያደርጋል ይሉኝ የነበሩ ልጆች ራሳቸው አሰሉት፦ 960 የብርሃን ዓመት ገደማ (አንድ የብርሃን ዓመት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው)። ባለሙያዎች የሚሉት 890 ገደማ ነው። በመሃል ያለው አቧራ ብርሃኑን ስለሚያደበዝዝ ኮከቡ የባሰ የራቀ መስሎ ይታያል፤ እኛ ይህን አላሰብነውም ነበር።

«ክብደቱስ?» ብለው ጠየቁኝ። እሱን በዓይን አንችለውም። ኮከብ የሚመዘነው አብሮት የሚዞር ጓደኛ ሲኖረው ነው። ሁለት ልጆች ገመድ ይዘው እንዲሽከረከሩ አደረግሁ፤ ከባዱ ትንሽ ሲንቀሳቀስ ቀላሉ ብዙ ዞረ። በ2010 እ.ኤ.አ. በትልቋ የማጌላን ደመና ከጓደኛው ጋር የሚጋረድ እንዲህ ያለ ኮከብ በዚሁ መንገድ ተመዝኖ ከፀሐይ 4 እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኝቷል።

ያልተሳካም አለ። ኤታ አኩይላ የተባለውን ሁለተኛ ኮከብ ዘግይተን ስለጀመርነው ቶሎ ጠለቀብን። በመስከረም 38 አባላት ነበርን፣ በሰኔ 14 ልጆች ብቻ ቀረን። ያለን ባይኖኩላር አንድ ነው፤ እሱም አንድ ዓይኑ አይሠራም። ለማሊያ በየዓመቱ በጀት ይገኛል፤ እኛ ለሁለት ዓመት ያመለከትነው ደብዳቤ ግን መልስ አላገኘም። የምንጠይቀው ቴሌስኮፕ አይደለም። ሁለት ባይኖኩላርና እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ደርሶ መልስ የአንድ ቀን ትራንስፖርት ነው። ወላጆችና የቀድሞ ተማሪዎች፣ ዴልታ ሴፌይ በመጪው ጥቅምት ማታ 3 ሰዓት ላይ በሰሜን በኩል ይጠብቀናል። ከዚያ በፊት ድረሱልን።