ሺንግል ስትገዙ ገልብጣችሁ እዩት

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፦

ሰላም ብያለሁ። ባለፈው ስለ ቤት ሥራ ባወጣችሁት ጽሑፍ ላይ ሺንግልን «ዘመናዊ የፕላስቲክ ክዳን» ብላችሁታል። ፕላስቲክ አይደለም። ሬንጅ፣ የመስታወት ክር፣ የድንጋይ ዱቄትና ጠጠር ነው። በትንሽ ነገር ምን አነታረከው እንዳትሉኝ። እኔ ደሴና ኮምቦልቻ ላይ ጣሪያ እየሠራሁ የማድር ሰው ነኝ፣ ሰው የሚገዛው ዕቃ ከምን እንደተሠራ ሳያውቅ ስንት ብር እንደሚያፈስ በዓይኔ አያለሁና ነገሩ ለኔ ትንሽ አይደለም።

ቆርቆሮ ሲገዛ የኛ ሰው በቀላሉ አይሸወድም። ጌጁን ይጠይቃል። ጠርዙን በጣቱ ይዳስሳል። ከጎረቤት ሱቅ ጋር ያወዳድራል። ሺንግል ላይ ሲደርስ ያ ሁሉ ጥያቄ ይጠፋል። ሻጩ ናሙና ይዘረጋል፤ ቀይ፣ ቡናማ፣ አረንጓዴ፣ ግራጫ። ደንበኛው ቀለም ይመርጣል፣ በካሬው ዋጋ ይከራከራል፣ አበቃ። ገልብጦ ጀርባውን የሚያይ የለም። ቀለሙ ግን ስለ ዕቃው ጥንካሬ ምንም አይነግረንም።

ሺንግል እንደ አነባበሮ ተደራርቦ የተሠራ ነገር ነው። መሐሉ ላይ ስስ የፋይበር ግላስ፣ ማለትም የመስታወት ክር፣ ምንጣፍ አለ። ምንጣፉ ከላይም ከታችም ሬንጅ ይቀባል። ላዩ ላይ ጠጠር ይነሰነሳል፣ ጀርባው ላይ ደግሞ እርስ በርሱ እንዳይጣበቅ ደቃቅ አሸዋ ይደረጋል። አንድ ቁራጭ አንሱና ጠርዙን ሰበር አድርጋችሁ ቀስ ብላችሁ ቅደዱት። ከጥቁሩ ሬንጅ ውስጥ ነጫጭ ቀጫጭን ክሮች ብቅ ይላሉ። ደህናው ላይ ክሮቹ በየአቅጣጫው የተሰበጣጠሩና ጥቅጥቅ ያሉ ናቸው፣ ለመቅደድም ያታግላል። ርካሹ ያለ ምንም ትግል ቀጥ ብሎ ይሄድላችኋል።

መጀመሪያ ላይ መሐሉ መስታወት አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1903 አሜሪካ ውስጥ ግራንድ ራፒድስ በምትባል ከተማ ሄንሪ ሬይኖልድስ የሚባል የጣሪያ ሠራተኛ ነው በጥቅልል የሚመጣውን የሬንጅ ክዳን በቢላ እየቆራረጠ ሺንግል ማድረግ የጀመረው። ያኔ መሐሉ በሬንጅ የተነከረ የጨርቅና የወረቀት ጭረት ነበር። እሱ እርጥበት ሲያገኝ ይጠጣል፣ ያብጣል፣ ጠርዙም ይጠቀለላል። ለዚህ ነው በኋላ በፋይበር ግላስ የተተካው። የመስታወቱ ክር በአጭር በአጭሩ ተቆርጦ ውኃ ውስጥ ይበተናል፣ በወንፊት ላይ ውኃው ይንጠፈጠፋል፣ የቀረው ስስ ምንጣፍ ማጣበቂያ ተደርጎበት በምድጃ ይደርቃል። ውኃ አይጠጣም፣ እሳትም ቶሎ አይይዘውም።

አሁን ወደ ሬንጁ ልምጣ፤ ብዙ ወሬ ያለው እዚህ ላይ ነው። «ያው የመንገዱ ሬንጅ አይደል?» ይሉኛል። አይደለም! የመንገድ ሬንጅ ከ50 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ብዙም ሳይርቅ መለስለስ ይጀምራል። ጥቁር ጣሪያ ደግሞ ቀትር ላይ 70 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል። ሐርቡ ወይም ባቲ ላይ የመንገዱን ሬንጅ ጣሪያ ላይ ብትቀቡት ሲንጠባጠብ ታዩታላችሁ። ስለዚህ ለሺንግል የሚሆነው ሬንጅ ፋብሪካ ውስጥ ይቀየራል። ትልቅ በርሜል ውስጥ እስከ 250 ዲግሪ አካባቢ ይሞቅና ከሥሩ አየር ይነፋበታል። ኦክስጅኑ ከሬንጁ ጋር ሲዋሐድ ሬንጁ ይጠነክራል፣ የሚለሰልስበት ሙቀትም ወደ 100 ዲግሪ አካባቢ ከፍ ይላል። ንፋቱ ካነሰ ሬንጁ ሙቀት ላይ ይፈሳል፣ ከበዛ ደግሞ ደርቆ ይሰነጠቃል። ደሴ ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊቱ እንዴት እንደሚቆረጥም የምታውቁ ታውቃላችሁ፤ ደረቅ ሬንጅ እንዲህ ያለው ብርድ ላይ ይሰበራል። ከዚህ የተሻለም አለ፤ ኤስ.ቢ.ኤስ የሚባል ጎማ መሰል ፖሊመር የተቀላቀለበት። እሱ በብርድ ይታጠፋል፣ የበረዶ ምትም የተሻለ ይችላል። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ግን ደላንታና ኩታበር ላይ ለሚሠራ ሰው እኔ እሱን ነው የምመክረው።

ሬንጁ ብቻውንም አይቀባም። በደንብ የደረቀና የሞቀ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ይገባበታል፣ ከድብልቁ ክብደት ከግማሽ በላይ ሊሆን ይችላል። ይኼ ማጭበርበር አይደለም። ዱቄቱ ሬንጁን ያጸናዋል፣ ለእሳትም ይከላከላል። ከልክ ሲያልፍ ግን ሺንግሉ ይደርቃል፣ ያኔ ማጭበርበር ይሆናል።

ጠጠሩ ጌጥ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ጠጠሩ የጣሪያው ጃንጥላ ነው ብል አላጋነንኩም፤ ሬንጅን የሚገድለው ፀሐይ ነውና። እኛ ደግሞ ከፍታ ላይ ነን፤ ደሴ ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ነች፣ እዚህ ፀሐይዋ ብርድ ቢሆንም ታቃጥላለች። ጠጠሩ የሚሠራው ብርሃን ከማያሳልፍ ጠንካራ ድንጋይ ነው። ይፈጫል፣ በወንፊት ይለያል፣ ከዚያ በሶዲየም ሲሊኬት፣ በሸክላ አፈርና በማዕድን ቀለም ተለብጦ ወደ 500 ዲግሪ በሚደርስ ምድጃ ይተኮሳል። ቀይና ቡናማው ቀለም የብረት ኦክሳይድ ነው። በትክክል የተተኮሰ ቀለም አይለቅም። ዝም ብሎ የተቀባ ግን በሁለት ክረምት ይነጣል። በጣታችሁ ጠንከር አድርጋችሁ ፈትጉት። ጥቂት ፍሬ ቢረግፍ ምንም አይደል፣ አዲስ ሺንግል ላይ ትርፍ ጠጠር አይጠፋም። መዳፋችሁ ከሞላና ጥቁሩ ከታየ ግን አትግዙት። ደህና ፋብሪካዎች ይኼንኑ በሽቦ ብሩሽ ነው የሚፈትኑት። 50 ጊዜ ወዲያ ወዲህ ይፈትጉና የረገፈውን ይመዝናሉ፣ በአማካይ ከ1 ግራም ማለፍ የለበትም።

ፋብሪካው ውስጥ ሥራው ሁሉ ሳይቋረጥ በአንድ መስመር ላይ ነው የሚሄደው። ምንጣፉ ከጥቅልሉ ይፈታል፣ ትኩስ ሬንጅ ውስጥ ያልፋል፣ ጠጠር ይዘንብበታል፣ በሮለር ይጫናል፣ በውኃ ይቀዘቅዛል፣ የማጣበቂያ መስመር ይደረግበታል፣ በመጨረሻ ይቆረጥና ይታሸጋል። ፈጣኖቹ መስመሮች በደቂቃ ከ150 ሜትር በላይ ያወጣሉ። በዚያ ፍጥነት ሬንጁ አንድ ቦታ ቢሳሳ ያ ስስ ቦታ ብዙ መቶ ሜትር ይቀጥላል። ስለዚህ ከአንድ እሽግ አንድ ብቻ አይታችሁ አትመኑ፤ ከተለያየ እሽግ እያወጣችሁ ክብደቱንና ውፍረቱን አወዳድሩ።

አንድ ያየሁትን ልንገራችሁ። ሰኞ ገበያ አካባቢ አንዲት እናት ልጃቸው ከዓረብ አገር በላከችው ገንዘብ ቤታቸውን ሺንግል አለበሱት። ሻጩ «እማማ፣ ይኼ ዕድሜ ልክ ነው፣ ቆርቆሮ እንደምትመቱት ትመቱታላችሁ» አላቸው። አናጢውም በሞራሌ ላይ ቀጥታ መታው። ሺንግል ቆርቆሮ አይደለም፣ ራሱን ችሎ አይቆምም። ከሥሩ ወጥ የሆነ ፕላይውድ ወይም የተጋጠመ ጣውላ ይፈልጋል፣ በላዩም ውኃ የማያስገባ የሬንጅ ወረቀት። እኔ ስጠራ ክረምቱ ገብቷል። ሺንግሉ በየሞራሌው መሐል ጎድጉዶ ውኃ ያቁራል፣ ሚስማሩ መመታት ካለበት መስመር በላይ ስለተመታ ከጦሳ ተራራ የሚወርደው ነፋስ ጠርዙን እያነሳ ይመታዋል። «ልጄ፣ ቆርቆሮው ይሻለኝ ነበር?» አሉኝ። ለዚያ ቤት፣ ለዚያ ግድግዳ፣ አዎ ይሻል ነበር። ሺንግል በካሬ 10 ኪሎና ከዚያ በላይ ይመዝናል፣ ቀጭኑ ቆርቆሮ ከ3 ኪሎ አያልፍም። የጭቃ ቤት እንጨት ይኼን ሁሉ እንዲሸከም ተብሎ አልተማገረም። ይኼን ሻጩ ያውቃል፣ አልነገራቸውም። በጣም ነው ያናደደኝ።

ተዳፋቱም ይታይ። ለእያንዳንዱ 1 ሜትር አግድም ቢያንስ 17 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ከሌለው ሺንግል አይሠራም። እስከ 33 ሳንቲ ሜትር ድረስም ከሥሩ ያለው ወረቀት ድርብ መሆን አለበት። ሚስማሩ ዚንክ የተነከረ፣ ሰፊ ጭንቅላት ያለው ይሁን። በአንዱ ሺንግል ላይ 4 ሚስማር፣ ነፋስ የበዛበት ቦታ 6 ይመታል።

ፋብሪካው ሺንግሉ ላይ ያደረገው ያ የማጣበቂያ መስመር የሚሠራው በፀሐይ ሙቀት ነው። ሲሞቅ የላይኛውን ከታችኛው ጋር ያያይዘዋል፣ ነፋስም ማንሳት ያቅተዋል። ስለዚህ ጊዜ ምረጡ። እኛ አገር በልግ አለ፣ ከየካቲት ጀምሮ ዝናቡ ሥራ ያቋርጣል። በእኔ እይታ ጥሩው ጊዜ ከበልጉ በኋላ ፀሐይዋ በርትታ ክረምቱ ሳይገባ ነው። በታኅሣሥ የግድ ከሆነ በየሺንግሉ ሥር በእጅ የሬንጅ ማጣበቂያ ነጠብ ነጠብ ይደረግ። ጀርባው ላይ ያለችውን ስስ ላስቲክ በተመለከተ፣ አብዛኞቹ ላይ እሽጉ ውስጥ እንዳይጣበቅ የተደረገች ናትና መላጥ አያስፈልግም፤ ጀርባው በሙሉ ማጣበቂያ የሆነው ዓይነት ላይ ግን ሳትላጥ አይገጠምም። ሻጮችም እባካችሁ ኮምቦልቻ ላይ እሽጉን ፀሐይ ላይ ከምራችሁ አታሰንብቱት። ተጣብቆና ተጣሞ ነው የሚደርሰን።

ሌላም ሐሳብ አለኝ። ሬንጁ ከውጭ መምጣቱ አይቀርም፣ የአሰቡ ማጣሪያ እ.ኤ.አ. በ1997 ከቆመ ወዲህ ማጣሪያ የለንም። ጠጠሩስ? የወሎ ተራራ ጥቁር ድንጋይ ነው። የሺንግል ክብደት ሲሶ ያህሉ ጠጠር ነው፣ ያን የራሳችንን ድንጋይ ዓይነት ነገር ከውጭ በመርከብ፣ ከዚያ በሚሌና በባቲ አድርገን በከባድ መኪና እያስጫንን ነው። ኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ ከተመረቀ ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ ስለ ልብስ ስፌት ብዙ ሰምተናል። ድንጋዩን መርምሮ፣ ፈጭቶ፣ ለብጦ የሚተኩስ አንድ ባለሀብት ቢመጣ ለኛ ልጆች ሥራ ነው። ድንጋዩ ግን ቀድሞ ይመርመር። የበሰበሰና ውኃ የሚጠጣ ጠጠር ሬንጁን አይዝም።

ከእናንተ የምፈልገው ይኼን ነው። እርማቱን በሚቀጥለው እትም አውጡልን። የኢትዮጵያ ደረጃዎች ኢንስቲትዩት ሰዎችን ደግሞ ጠይቁልን፤ እሽጉ ላይ የምንጣፉ ዓይነት፣ የካሬው ክብደት፣ የመቀደድ ጥንካሬው፣ የተፈተነበት ደረጃና ፋብሪካው በአማርኛ እንዲጻፍ ለምን አይገደድም? አሜሪካኖቹ ዲ 3462 በሚሉት ደረጃቸው ሺንግል ለመቀደድ ቢያንስ የ1,700 ግራም ጉልበት መቋቋም አለበት ይላሉ፣ አውሮፓውያንም ኢ.ኤን 544 የሚሉት አላቸው። መልሳቸውን ስታትሙ ስለ ተዳፋቱና ስለ ፕላይውዱ ያልኩትንም በአንድ ሳጥን አውጡልኝ፣ ቆርጬ ለአናጢዎቹ አድላለሁ።

አንባቢያችሁ፣ ከደሴ