የዘ አትሌቲክ ታሪክ በሽያጩ አያበቃም

ይድረስ ለአዘጋጁ፦

ስለ ስፖርት ዜና ድረ-ገጹ ዘ አትሌቲክ ያወጣችሁት ጽሑፍ ኒው ዮርክ ታይምስ እ.ኤ.አ. በ2022 ድርጅቱን በ550 ሚሊዮን ዶላር በገዛበት ዜና መቋጨቱ ትክክል አይመስለኝም። በ2016 ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ ሲመሠረት መነሻ ሐሳቡ ያለ ማስታወቂያ፣ በአንባቢ ክፍያ መሥራት ነበር። አንባቢውም የከፈለው ቡድኑን በቅርብ ለሚከታተል፣ በየልምምዱ ለሚገኝ፣ ተጠባባቂውን ተጫዋች ሳይቀር አሳምሮ ለሚያውቅ ዘጋቢ ነው። በ2023 ግን 20 የሚጠጉ ጋዜጠኞች ተሰናበቱ፤ ለእያንዳንዱ ቡድን አንድ ዘጋቢ የመመደብ አሠራርም ቀረ። በዚያው ዓመት ታይምስ የራሱን የስፖርት ክፍል ዘጋ። የሽያጩን ዋጋ ብቻ የሚያነሳ ታሪክ ይህን ሁሉ ይሸፍናል፤ የሚያሳዝነኝም ይኸው ነው።

በቀጣዩ እትም የትኞቹ ቡድኖች ቋሚ ዘጋቢ እንዳጡ የሚያሳይ ተከታይ ጽሑፍ ብታወጡ።

አንድ አንባቢ